ሰው ላለማስቸገር

ኔቪል ካርትራይት በሰባ አራት ዓመት ዕድሜው ከአገሩ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለዘጠኝ ቀን። ማዮርካ የምትባል የስፔን ደሴት ሄዶ በሦስተኛው ቀን ጀርባው በፀሐይ ተላጠና የቀሩትን ስድስት ቀናት ሆቴል ውስጥ በሆዱ ተኝቶ፣ እዚያ አገር ሻይ ለምን የሻይ ጣዕም እንደሌለው ሲያሰላስል ከረመ። ይቺን ዘጠኝ ቀን ይዞ ግን የዓለምን አገር በሙሉ ይዳኝ ነበር። አሜሪካኖች የልብህን ምት ከመስማታቸው በፊት ኪስህን ይዳብሳሉ። ፈረንሳይ ዓመቱን ሙሉ አድማ ነው። ጀርመን ሕግ ይበዛል፣ ጣሊያን ሕግ የሚባል ነገር የለም፣ አውስትራሊያ ደግሞ ሸረሪቱ ሳይቀር ሰው ይገድላል። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ቢራውን ብድግ አድርጎ፣ «እዚህ ግን፣» ይላል፣ «እዚህ ብትታመም ማን ነህ፣ ምን አለህ የሚልህ የለም። ተራህን ትጠብቃለህ፣ ተራህ ይደርሳል፣ ትታከማለህ። ከዚህ ሌላ ሰው ምን ይፈልጋል?»

ሶልትወል በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ንግግር በቃላችን ይዘነዋል። ከተማችን ድሮ ከባሕር ዓሣ ታወጣ ነበር፤ አሁን የምታወጣው ወጣቶቿን ነው። ባንኩ ተዘግቶ የውሻ ፀጉር መቁረጫ ሆኗል፣ የጥርስ ሐኪሙ ከተማውን ለቆ ከሄደ ስድስት ዓመት አልፎታል፣ ባቡር በሰዓቱ ከመጣ ደግሞ ሳምንት ይወራለታል። ኔቪል ለሁሉም መልስ አያጣም። ሱቁ ቢዘጋ «መኪና ማቆሚያ ተገኘ» ይላል። ጥርስ ሐኪም ጠፋ ቢሉት «የእኔስ ድሮም አልቋል» ብሎ ድዱን ያሳያል። ሰው እየሣቀ ይሰማዋል፤ ደግ ሰው ስለሆነ ማንም ክፉ አይመልስለትም።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በባትሪ በምትሄድ መኪና ወተት በየደጁ ያደረሰ ሰው ነው። ሥራው ከጎህ በፊት ስለነበር ጠርሙስ ከጠርሙስ ሳያጋጭ፣ የሰው ውሻ ሳያስጮህ፣ የተኛ ሕፃን ሳይቀሰቅስ መዞርን እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጥረዋል። ለነገሩ ይህ የእሱ ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል እግሩ ተቆርጦም ቢሆን «ምንም አልል» ነው የሚለው። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ላስቸግርዎ አልፈለግሁም ነበር» ብሎ ይጀምራል። ወረፋ ተጋፍቶ የገባ ሰው ከሌባ እኩል ይታያል። ኔቪል ግን ከሁላችንም ይብሳል፤ አንዴ ጣቱን በር ቆርጦት ደሙ እየተንጠባጠበ፣ ክሊኒኩ ወረፋ ላይ ከፊቱ የነበረች ጉንፋን የያዛት ሴት «አንተ ግባ» ብትለው «ኧረ ቅድሚያ የአንቺ ነው» ብሎ ሦስት ሰዓት ተቀምጧል። ይህንንም በኩራት ያወራዋል።

በዚህ ነገር የሚከራከረው ጎረቤቱ ቴሪ ስኬልተን ነበር። ቴሪ ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት እስፔን ኖሮ ጉልበቱ ሲከዳውና የመኖሪያ ወረቀቱ ነገር ሲወሳሰብበት ተመልሷል። ከተመለሰ ጀምሮ አገሩን ሳይረግም አምሽቶ አያውቅም።

«ስማ አንተ ሽማግሌ፣» ይለዋል ሁላችንም ቢራ በምንጠጣበት ክበብ ውስጥ፣ «እስፔን እኮ አንዲት አሮጊት ካስነጠሳት መንደሩ በሙሉ ሆስፒታል በር ላይ ይንጫጫል። ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጡም!»

«ለዚህ ነዋ የመጣኸው። ጆሮህ አልቻለም።»

«የመጣሁት ጉልበቴ አልቻለም ብዬ ነው። ይኸው ጉልበቴ እዚህ ወረፋ ከያዘ ሁለት ዓመቱ!»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ቆመህ መጠበቅ ከቻልክ ጉልበትህ ምን ሆነ?»

ክበቡ በሣቅ ይናጋል። ቴሪም ይስቃል፤ ቢራውን ግን በብስጭት ነው የሚጨልጠው።

የኔቪል ሚስት ብሬንዳ ክርክሩን የሰማችው ከማንም በላይ ነው፤ አንድም ቀን ግን አልገባችበትም። ሃያ ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች ምሳ ስታበስል ኖራለች። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ሊንሲ የምትባል ነርስ። ሊንሲ ባሏን ይዛ አውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ከገባች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሁለት ልጆች ወልዳለች። ብሬንዳ የልጅ ልጆቿን የምታውቃቸው እሑድ እሑድ ጠዋት በስልክ መስታወት ላይ ነው፤ ትንሿ ልጅ አያቷን ስትስም ስልኩን በምላሷ ትልሰዋለች።

«እማዬ፣ ገነት ነው አልልሽም፣» ትላለች ሊንሲ። «የቤት ኪራዩ እሳት ነው፣ ሙቀቱ ሌላ እሳት ነው። ሥራው ያው ሥራ ነው። ግን ተረኛነቴን ጨርሼ ቤት ስገባ የመሣቅ አቅም ይተርፈኛል። እዚያ እያለሁ አይተርፈኝም ነበር።»

«ንገሪያቸው እንጂ የእንግሊዝን ያህል ነርስ የሚከበርበት አገር የለም!» ይላል ኔቪል ከሶፋው ላይ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ ነርሷ።»

ብሬንዳ መሄድ ፈለገች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈልጋለች፤ ኔቪልም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «የገና በዓል ይለፍና እናያለን» ሲል ኖሯል። ያን በጋ ግን ብሬንዳ ሰባ ሦስት ዓመት ሞላት። አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍት ተመለሰችና እዚያ ያሳተመችውን ሁለት የአውሮፕላን ትኬት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከራሷ ቁጠባ የገዛችው ነው። ለጥቅምት፣ ለሦስት ወር።

«ካማረን እንቀራለን፣» አለች። «ካላማረን ተመልሰን ስትሰድባቸው ትኖራለህ። እግሬ እንቢ ሳይለኝ ልጆቹን ማቀፍ እፈልጋለሁ፣ ኔቭ። ይህንን ያህል ብቻ።»

ኔቪል ሁለት ቀን አኮረፈ፤ ስለ አየር ጠባይ ካልሆነ በቀር ቃል አልተነፈሰም። በሦስተኛው ቀን ግን የፀሐይ ቅባት ገዝቶ መጣ። ብሬንዳ ቅባቱን ስታይ አለቀሰች፤ እሱም ደነገጠና ወደ ጓሮ ወጥቶ ያልበቀለ ሣር ማጨድ ጀመረ።

ይህ በሆነ በአምስተኛው ሳምንት፣ በነሐሴ መጨረሻ እሑድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ብሬንዳ ማድ ቤት ምሳ እያቀረበች ነበር። የበጉ ጥብስ ወጥቷል፣ ናናው ተደቁሷል፣ አተሩን እያጠለለች ሳለ ድስቱ ከእጇ አመለጠ። ኔቪል ድምፁን ሰምቶ ሲገባ አተሩ ወለሉን ሞልቶታል፤ ብሬንዳ የዕቃ ማጠቢያውን ተደግፋ ቆማለች፣ ቀኝ እጇ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ የአፏ አንድ ጎን ወደ ታች ተስቧል።

ኔቪል ምን እንደሆነ አውቋል። በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የስትሮክ ምልክቶች ሥዕል ስንት ጊዜ አይቶታል። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ከዚያ ተንበርክኮ አተሩን ለቀመ፤ እንዳያንሸራትታት ብሎ። አተር ለቀመ! ይህን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል።

ስልክ የመደወል ነገር ሲመጣ ደግሞ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ የድንገተኛ ነው፣ ሌላው ድንገተኛ መሆኑን ላልወሰነ ሰው ምክር የሚሰጡበት ነው። ኔቪል የመጀመሪያውን በሕይወቱ ደውሎት አያውቅም። ያ ቁጥር በእሱ አስተሳሰብ ለሚሞቱ ሰዎች፣ ቤታቸው ለሚቃጠል ሰዎች ነው። ሁለተኛውን ደወለ። ተራውን ጠበቀ፣ ሙዚቃ ሰማ፣ ተራው ደረሰ። ያነሳችው ልጅ ድምፅዋ የደከመ ነበርና አሳዘነችው፤ በእሑድ ቀን እዚህ ጣጣ ውስጥ ያለች ምስኪን። ስለዚህ አጫወታት። ሁለት ጊዜ አሣቃት፣ በዚህም ደስ አለው። በመጨረሻ ነርስ በስድስት ሰዓት ውስጥ መልሳ እንደምትደውልለት፣ ከባሰባት ግን ያንኛውን ቁጥር እንዲደውል ነገረችው። አመስግኖ ዘጋ።

ከዚያ ብሬንዳን ሶፋው ላይ አስተኛት፣ ብርድ ልብስ አለበሳት፣ አጠገቧ ተቀምጦ የሚጠራውን ስልክ ጠበቀ። ዓይኗ ከእሱ ላይ አልተነቀለም። እሱም እጇን እየዳበሰ «ተራ ይዘናል፣ ይደውላሉ» ይላታል። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። በጉ ቀዘቀዘ። ብሬንዳ መጀመሪያ የሆነ ያልሆነ ድምፅ ታሰማ ነበር፤ ከዚያ እሱንም ተወችው።

ቴሪ የተዋሰውን መሰላል ሊመልስ በጓሮ በኩል የገባው ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። በመስኮት አይቷት መሰላሉን ጣለው።

«ምን ሆናለች? ከመቼ ጀምሮ ነው? ኔቭ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምልህ!»

«ደውያለሁ። ነርሷ ትደውላለች። ተራችን ገና…»

«ተራ? ተራ? ዳቦ ልትገዛ ነው እንዴ የተሰለፍከው?» አለና ቴሪ ስልኩን ከእጁ ነጠቀው። የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለና እንደ እስፔኖቹ ጮኸ፤ መንገዱ በሙሉ በየበሩ ወጣ። አምቡላንሱ በአሥራ አንድ ደቂቃ መጣ። ሰዎቹ ጨዋዎች ነበሩ፣ እጃቸው የተባረከ። ኔቪል በሩን ከፍቶ ሲያስገባቸው፣ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ብሬንዳ አልሞተችም። ቀኝ ጎኗ ግን አልተመለሰም፤ ንግግሯም አልተመለሰም። ሐኪሙ እንዲህ ሆና ያን ያህል ሰዓት መብረር የማይታሰብ ነው አለ። እዚያ አገር ለመቅረት ደግሞ የጤና ምርመራ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያ በር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተዘጋ። ሊንሲ ሥራዋን ትታ፣ ልጆቿን ለባሏ ጥላ ከዓለም ዳር መጣች። እናቷን ለማጠብ፣ ለማገላበጥ፣ ምግብ በማንኪያ ለማጉረስ።

ከዚያ በኋላ በኔቪል ላይ ያየነው ለውጥ ሁላችንንም አስገረመን። ክበብ ገብቶ ከወትሮው ቦታው ተቀመጠና፣ «ይቺ አገር አልቆላታል» አለ። «ሠላሳ አራት ዓመት አገለገልኳት፣ ግብር ከፈልኩላት፣ አንዲት ቀን ብፈልጋት ወረፋ ያዝ አለችኝ።» ሰው ጠረጴዛ ደበደበለት። ቴሪ ቢራ ገዛለት። ኔቪል ያን ያህል ሰው ሳይስቅ ሲሰማው የመጀመሪያ ጊዜው ነበርና ጣፈጠው መሰለኝ፤ በየሳምንቱ ይደግመው ጀመር። ጣሊያንም ፈረንሳይም ከእኛ ይሻላሉ አለ። አውስትራሊያ ቢሆኑ ኖሮ ብሬንዳ ዛሬ በእግሯ ትሄድ ነበር አለ።

«እንግዲያው ክሰሳቸው፣ አባዬ፣» አለችው ሊንሲ። «አቤቱታ ጻፍ። አራት ሰዓት ያህል እንዲሁ አስተኝተው አይቀሩም።»

ኔቪል በሕይወቱ የመጀመሪያውን አቤቱታ ጻፈ። ሁለት ገጽ ሙሉ፤ በጥሩ እጅ ጽሑፍ።

መልሱ ይዘገያል ብለን ነበር፤ ግን አልዘገየም። ከስልክ አገልግሎቱ ወይዘሮ ሃርዲካስል የሚባሉ ሴት በኅዳር ውስጥ ቤት ድረስ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ጉሮሯቸውን ደጋግመው የሚጠርጉ ሴት ናቸው። ሻይ ቀረበላቸው። ብሬንዳ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ሊንሲ ፀጉሯን አበጥራላታለች።

«ንግግሩ ተቀርጿል፣ አቶ ካርትራይት፣» አሉ ሴትዮዋ። «የመስማት መብት አለዎት። ግን ብቻዎን ቢሰሙት አይሻልም?»

«ከቤተሰቤ የምደብቀው የለኝም። ሁሉም ይስማ፣» አለ ኔቪል፤ ደረቱንም ነፋ።

ሴትዮዋ ኮምፒውተራቸውን ጠረጴዛው ላይ ከፈቱ። መጀመሪያ የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን። ከዚያ፦

«የባለቤትዎ ፊት በአንድ በኩል ወደ ታች ወርዷል፣ ጌታዬ?»

«እ… ትንሽ ነገር። ሃምሳ ዓመት እኔን ስታይ የኖረች ፊት ምን ታድርግ፣ የኔ ልጅ?»

ልጅቷ ትስቃለች።

«ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ ማንሳት ይችላሉ?»

«ድሮም ስፖርት አትወድ።»

«ንግግራቸውስ?»

«ዛሬ ገና ዝም አለችልኝ። አታስነሺብኝ!»

ልጅቷ እንደገና ትስቃለች፤ ወዲያው ግን ድምፅዋን ታስተካክላለች። «ጌታዬ፣ በደንብ ይንገሩኝ። ከባድ ነገር ነው ብለው ያስባሉ?»

«ኧረ ምንም አይል። ከእሷ የባሰባቸው ስንት አሉ፣ እነሱን አስቀድሙ።»

ከዚህ በኋላ ከጀርባ ሌላ ድምፅ አለ። የተወላገደ፣ የታነቀ፣ ግን የብሬንዳ ድምፅ። «ኔቭ… ንገ… ንገራት… ኔቭ።» የኔቪልም መልስ፣ ቀስ ብሎ፣ ስልኩን ከአፉ አርቆ፦ «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ እየነገርኳት ነው።»

ወይዘሮ ሃርዲካስል ኮምፒውተሩን ከደኑት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቷ ከዚህ በላይ መጠየቅ ነበረባት፤ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን፣» አሉ። «ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በዚያ ሰዓት አንድ አምቡላንስ ከዚህ ሁለት መንገድ ማዶ፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ነበር። ሠራተኞቹ ምሳ ይበሉ ነበር።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሚስቱን በሽታ የደበቀስ ምን ይባላል? እኔ እንጃ። ቴሪ አገሪቱ በሰበሰች ሲል፣ ኔቪል አገሪቱን የሚስተካከል የለም ሲል፣ ሁለቱም ስንት ዓመት ጉሮሯቸውን አደረቁ። መኪናዋ ግን ቆማ ነበር። የሚጠራት ነው ያጣችው።

ሊንሲ ከመቀመጫዋ ተነስታለች። «ቀለድክ፣» አለች። «አባዬ፣ ቀለድክ። ንገራት እያለችህ።»

ክበቡ፣ ባለ ሁለት ገጹ አቤቱታ፣ «አልቆላታል» ያላት አገር፣ ሁሉም ከእጁ ላይ ወደቀበትና ኔቪል ባዶ እጁን ይዞ ወደ ብሬንዳ ዞረ። ይህን ሁሉ ሰምታለች። ድሮም ታውቀዋለች፤ እዚያው ማድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጆሮዋ ከሰማው ሦስት ወር አልፏል። ሦስት ወር ሙሉ ሲያጎርሳት፣ ሲሸፍናት፣ ክበብ ሄዶ መጥቶ አገሩን ሲሰድብላት ዝም ብላ ስታየው ኖራለች።

አሁን ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። ቃል ባይኖራትም ድምፅ አላት፤ የሆስፒታሉ ነርሶችም ሰምተዋል። ግራ እጇ ደህና ነው፤ አጠገቧ ያለውን ብርጭቆ አንስታ ፊቱ ላይ ብትወረውረው አይሸሽም ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሰባ አራት ዓመቱ ሰው እንዲጮህበት ሲመኝ የመጀመሪያው ነው። ምነው ጎረቤቱ እስኪወጣ፣ ውሻው ሁሉ እስኪነቃ በጮኸችብኝ አለ በልቡ።

ብሬንዳ ግራ እጇን አነሳች። ዓይኗ ግን እሱ ላይ አልነበረም፤ እንግዳዋ ላይ ነበር። በግማሽ ፊቷ ፈገግ አለችላቸው፣ እንዳይጨነቁ። ከዚያ በጣቷ ወደ ጠረጴዛው አመለከተች። የወይዘሮ ሃርዲካስል ሲኒ ባዶ ሆኗል።

ኔቪል ተነሳና ሻይ ቀዳላቸው።